ሳይሄድ የማያልቅ ሥዕል

ታላቅ እህቴ የጭነት መኪና ጀርባ ላይ ትስላለች። ሹፌሮች ጋራዣችን ድረስ ይመጡና አበባም ይሁን አንበሳ ያሰኛቸውን አስለው ይሄዳሉ። አንድ አመል ግን አላት፤ መኪናው ካልሄደ ሥዕሉ አለቀ አትልም። «እስኪ አንዴ ዞረህ ና» ትለውና መንገድ ዳር ቆማ ሲያልፍ ታየዋለች። ያላማራትን ታርማለች፣ ደግሞ ታስዞረዋለች። ሹፌሩ ይነጫነጫል፤ ማን ሰምቶት። እኔ ታናሿ መካኒክ ነኝ፤ አፌን ሞልቼ የምኮራው ግን በእሷ ሙያ ነው።

ሌላ ከተማ ያለ የሥዕል ማዕከል ለሦስት ወር በእንግድነት ጠራት። ሰፊ ነጭ ክፍልና ቀለም በያይነቱ ሰጧት፤ በመጨረሻው ቀን ሥራዋን ለሕዝብ ታሳያለች። ወሩ ሳይጋመስ ደወለችልኝ፤ ድምጿ ሰልሏል።

«ሸራው ግድግዳ ላይ ሆኖ ያፈጥብኛል። የማይሄድ ነገር እንዴት አድርጌ ልየው? ባዶ እጄን ከተመለስኩ የጋራዡ ሰው መሳቂያ ነኝ።»

«የሚሄድ ፈልጊያ እትዬ፤ እዚያ አገር መኪና ጠፋ?» አልኳት ለቀልድ።

እሷ ደግሞ ቀልድ አታውቅም። በማግስቱ ማዕከሉ ያለበትን መንገድ ቆሻሻ የሚያነሳውን መኪና ሹፌር፣ በእሱም በኩል አለቆቹን ለምና አስፈቀደች። መኪናው ሥራ በማይወጣበት ቀን ሁሉ እየሄደች በዚያ መንገድ ዳር ያሉትን የቤት በሮች አንድ በአንድ፣ በየቀለማቸው፣ በጎንና በጎኑ ሳለችበት።

በመጨረሻው ቀን እኔም ሄድኩ። እንግዶቹ ግቢውን ሲሞሉ መኪናው የለም። ሌላ የቆሻሻ መኪና ስለተበላሸ እሱ ለሥራ ተጠርቷል። የማዕከሉ ኃላፊ ላብ በላብ ሆነ፤ እኔም ጉዳችን ፈላ አልኩ።

«ደውዬ ላስመልሰው?» አላት።

«ሥራ ላይ ያለን ምን ያስመልሱታል? በዚህ ማለፉ አይቀርም፤ ይልቅ እንግዶቹን መንገድ ዳር ያውጡልኝ።»

ወጣን። የሰፈሩ ሰው ቆሻሻውን አንጠልጥሎ፣ ለባብሶ፣ ቀድሞን ቆሟል። አንዲት አሮጊት ሳያውቁኝ ክንዴን ይዘው «የኔ በር ከፊት ጎማው በላይ ነው፤ አረንጓዴው» አሉኝ።

መኪናው መጣ። ሹፌሩ አጥቦታል፤ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው። እህቴ ጋራዡ ጋ እንደምታደርገው አንገቷን ዘንበል አድርጋ እስኪያልፍ አየችው። የምታርመውን እንድትነግረኝ ጠበቅኩ።

«አለቀ» አለች።

አንዴም ሳታስዞር ሥራዋን ስትቀበል ያን ቀን ነው ያየሁት፤ ልቤ ቅቤ ጠጣ። ሹፌሩ ግን ማንም ሳይለው ዞሮ መጣ።