ለአያ ፈንታ ያላነበብኩት ገጽ

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ሚስቴም አታውቅ። ለእናንተ ለማታውቁኝ ስናገር ይቀለኝ እንደሆነ እንጃ።

አዘና በምትባል ትንሽ ከተማ አስተማሪ ነኝ። ባጃጅ ከተማችን በገባ ሰሞን፣ በልጅነቱ ከዚሁ ወጥቶ አዲስ አበባ የቀረ ደራሲ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። "የእኛ ልጅ ጻፈን!" ተብሎ ተወራ። መጽሐፉን ግን ከእንጅባራ ገዝቼ ያመጣሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ጎረቤቴ አያ ፈንታ ይህን ሲሰሙ ቸኮሉ። ሰማንያ ያለፋቸው ሰው ናቸው፤ ፊደል አልቆጠሩም፤ አማርኛም ብዙ አይሆንላቸው። "በል ልጄ፣ በአውኚ እያደረግህ አንብብልኝ" አሉኝ። በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ደጃቸው ተቀምጬ እየተረጎምኩ አነብላቸው ጀመር።

ለምን እንደቸኮሉ አላጣሁትም። በጎልማስነታቸው የአንድ ባለጸጋ ፈረስ ጠፍቶ አገሩ አውጫጭኝ ተቀመጠ፤ ሌባው እስኪወጣ ማንም ከሜዳው እንዳይነሣ ታገደ። በሦስተኛው ቀን የእሳቸው ስም ተጠራ። ከዚያ ወዲህ በልጅ በአዋቂው አፍ "የፈረሱ ፈንታ" ናቸው። ሴቶች ልጆቻቸውን የሚያገባ ጠፍቶ ጫግኒ ወርደው ቀሩ።

ቅዳሜ ለነገው ልዘጋጅ ብዬ ቀድሜ ሳነብ ደረስኩበት። ደራሲው ያኔ የሰባት ዓመት ልጅ ነበር፤ ፈረሱን ማን እንደወሰደው አይቷል፤ ፈርቶ ዝም ብሏል። የጻፈው ስም የአባቴ ነው። አባቴ! በሽምግልና ከፊት የሚቀመጠው፣ ከሞተ ገና ዓመት ያልሞላው አባቴ።

እሑድ ዘለልኩት። ሁለቱን ቅጠል አንድ ላይ ገለጥኩና ማንበቤን ቀጠልኩ። መጽሐፉ ሲያልቅ አያ ፈንታ ጠየቁኝ።

"ስለ ፈረሱ ምንም አላለ?"

"ምንም አላለም፣ አያ።"

"እሱስ ልጅ ነበር፤ ከየት ያውቃል" አሉና መረቁኝ። ስለደከምኩላቸው መረቁኝ እኮ!

ደራሲው ልጅ ነው፣ ፈራ እንበል። እኔስ? ሰው የማስተምር፣ ልጆች ያሉኝ ሰውዬ ምን ሆንኩ? "የአባት ገመና አይገለጥም" እያልኩ ራሴን ሸነገልኩ። የሞተው አባቴ ስም እንዳይጎድፍ ብዬ በሕይወት ያሉትን ሰው ከነስድባቸው ተውኳቸው። ስንት እሑድ ነበረኝ! በየሳምንቱ በደጃቸው አልፋለሁ፤ በየሳምንቱ "ለሌላ ጊዜ" እላለሁ።

በዓመቱ ዐረፉ። ቃሬዛውን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ። ከኋላዬ አንድ ሰው "ምስኪን፣ ፈረሱን ሳይናዘዝ ሞተ" ሲል ሰማሁ። "አልሰረቁም" ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አላልኩም። ትከሻ ቀየርኩና ሄድኩ።

አያ ፈንታ ፈረስ አልሰረቁም። የሰረቀው አባቴ ነው። ይህችን ለማለት ይህን ያህል ዓመት ፈጀብኝ። ይቅር በሉኝ አልላችሁም፤ ይቅር ማለት የሚገባቸው ሰው ሌባ እንደተባሉ ተቀብረዋል፣ እንዲያ ያስቀበርኳቸውም እኔ ነኝ።