ይሁዳ የለበሰው ሱፍ

ስትራቶስ የደሴታችን ልጅ ነው፤ ይህን የምለው ኮርቼ አይደለም። አባቱን ባሕር በላው። እናቱ እማማ ፎቲኒ የሰው ልብስ እየሰፉ ጀርመን ድረስ ልከው አስተማሩት። ልጅ ሳለን፣ በፋሲካ የምናቃጥለውን የገለባ ይሁዳ ለማልበስ ከቤት ቤት እየዞረ አሮጌ ልብስ የሚለምነው እሱ ነበር። ልመናን የተካነው ያኔ ነው፤ ኋላ ብድር ሊለምን ብራስልስ ድረስ ሄዶበታል።

ግሪክ በዕዳ ስትናጥ የገንዘብ ሚኒስትር አደረጉት። እማማ ፎቲኒ ለሹመቱ ቀን ጥቁር ሱፍ በእጃቸው ሰፉለት። እሱን ለብሶ ማለና በቴሌቪዥን «ጡረታ አይነካም» አለን። ብዙም ሳይቆይ የእናቱን ጡረታ ሳይቀር ቆረጠው፤ የደሴቲቱን ጤና ጣቢያም ዘጋው። «ሁላችንም ያለንን እንስጥ» እያለ ሲሰብክ ግን ሆዱ እየገፋ ሄዶ ሱፉ አልዘጋ አለው፤ እናቱ ቤት ጥሎት ሄደ። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። ስትራቶስ ሁለቱም ደርሰውበታል።

ምርጫው ሲቃረብ፣ ለፋሲካ ካሜራ አስከትሎ መጣ። ያለ እኛ ድምፅ ወንበሩ አይቆምም። ከእናቴ ጎን ቆሜ በግ ስጠብስ ካዩኝ ይምሩኛል ብሎ ነው። ቡና ቤቴ ገብቶ ትከሻዬን መታ መታ አደረገኝ።

«እንዴት ነህ ወንድሜ፣ ሥራ እንዴት ይዞሃል?»

«አንተ ከተሾምክ ወዲህ ምን ሥራ አለ ብለህ ነው?»

የቀለድኩ መስሎት ሳቀ። ከልቤ ናቅሁት።

ከሰዓት በኋላ ይሁዳን ልናቃጥል ቤተ ክርስቲያኑ ፊት ተሰበሰብን። ስትራቶስ እናቱን አቅፎ ለካሜራው ፈገግ ሲል፣ ካሜራው ወደ ይሁዳ ዞረ። ይሁዳ የለበሰው ያንን የሹመት ሱፍ ነው።

«ማነው ይሄን የሰጣችሁ?» አለ ስትራቶስ።

እማማ ፎቲኒ ከክንዱ ቀስ ብለው ወጡ።

«እኔ ነኝ።»

«እማዬ፣ ምን ነካሽ? አገር እኮ እያየ ነው።»

«ልጆቹ በራፌ ላይ ቆመው ለመኑኝ። ያለንን እንስጥ ያልከው አንተ አይደለህ? እኔ ቤት የቀረው እሱ ነው።»

ዓይናቸው እንባ ሞልቶ ነበር። ወደ እኔ ዞረው ክብሪት ጠየቁኝ። ሰጠኋቸው፤ እራሳቸው ለኮሱት።