ምሳ ሰዓት ላይ የሚጠፋው ኮምፓይለር

የእህቴ ባል ሲሞት ድምፁ ኮምፒውተር ውስጥ እንደታሸገ ቀረ። የኮምፒውተር መምህር ነበር፤ ሲታመም ከትምህርት ቤቱ አንድ ማሽን ቀሐ ሰፈር ወዳለው ቤቱ አስመጥቶ አልጋው አጠገብ አኖረው። "ለልጁ ድምፄን አስቀምጫለሁ" ብሏታል። እህቴ ያኔ የስድስት ወር እርጉዝ ነበረች። ትምህርት ቤቱ ደግሞ የአርባው ሰደቃ ሲያልፍ ማሽኑን ወስዶ ውስጡን ሊያጸዳው ነው። ሰደቃው ሦስት ቀን ሲቀረው እኔን ጠራችኝ፤ ከቤተሰቡ ኮምፒውተር የተማርኩት እኔ ብቻ ነኝ።

ማሽኑ የሚሠራው ሊኑክስ በሚባለው ሥርዓት ነው። ድምፁ የታሸገው ሟቹ ራሱ በሠራው ፕሮግራም ነበር፤ ፕሮግራሙ ግን የለም፤ የተረፈው የጻፈው ኮድ ብቻ ነው። ኮዱን እንደገና ፕሮግራም ለማድረግ ኮምፓይለር ያስፈልጋል፤ ሰው የጻፈውን ማሽኑ ወደሚገባው ቋንቋ የሚለውጥ ማለት ነው። ኮምፓይለሩን ስጠራ ማሽኑ "አላገኘሁም" አለኝ። ምን ችግር አለው፣ ከሲዲዬ ጫንኩት። ሌላ የጎደለ ፋይል ስለነበር ከሰላት መልስ እጨርሰዋለሁ ብዬ ለዙህር ወጣሁ። እስከ አርባው ድረስ ሟቹ የተኛበት ክፍል ክፍቱን አያድርም፣ አይውልምም፤ ቆልፌ ቁልፉን ኪሴ ከተትኩ።

ስመለስ ኮምፓይለሩ የለም። የጫንኩት መስሎኝ ይሆናል፣ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ብዬ ራሴን ወቀስኩ።

በማግስቱ የጎደለውን ፋይል ለማምጣት ፀዳ እቤቴ ድረስ ሄጄ ረፍዶብኝ ተመለስኩ። እንደገና ጫንኩ፤ ምሳ ሲቀርብም ከወንበሩ አልተነሳሁም። ሥራውን ልጀምር ስል፣ እጄ ከኪቦርዱ ላይ ተነስቶ ሳለ፣ ዲስኩ ለብቻው መንኳኳት ጀመረ። ጥቂት ቆይቶ ዝም አለ። ኮምፓይለሩን ጠራሁት፤ የለም። ክፍሉ ውስጥ ከእኔ ሌላ ያለው ወንበሩ ላይ የተንጠለጠለው የሟቹ ሹራብ ብቻ ነበር።

"ምነው ላብ አጠመቀህ?" አለች እህቴ ከበሩ። ነገርኳት። "ተወው ወንድሜ፤ እሱ አልፈቀደ ይሆናል" አለችኝ።

"ሙት ኮምፓይለር አያጠፋም!" ብዬ ጮኽኩባት። ወዲያው አፈርኩ። እውነቱን ለመናገር ግን ፈርቼ ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት፣ ማሽኑ በተወሰነላቸው ሰዓት በራሱ የሚፈጽማቸውን ትእዛዞች ዝርዝር እንደገና ከፈትኩ። በመጀመሪያው ቀንም አይቼው ነበር፤ ሰባት ሰዓት የሚል አንድ መስመር አለበት። ማሽን የሚሄደው በፈረንጅ ሰዓት ነው፣ የፈረንጅ ሰባት ደግሞ የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፣ ያኔ ማሽኑ ጠፍቷል ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ዓይኔ የስክሪኑ ጥግ ላይ ያለው ሰዓት ላይ አረፈ። አራት ተኩል ይላል። የእጄ ሰዓትም አራት ተኩል ነው። ሰውየው ማሽኑን በሐበሻ ሰዓት ሞልቶታል፤ እኔም ሐበሻ ነኝና ሦስት ቀን ሙሉ እያየሁት ምንም አልመሰለኝም። ትእዛዙ፣ ተማሪዎች የሚጭኑትን ጨዋታ ለማጥፋት ሲባል፣ ከውጭ የተጫነን ፕሮግራም ሁሉ በምሳ ሰዓት እንዲጠርግ ነው። የራሱን ፕሮግራም ጭምር ጠርጎበታል።

መስመሩን ለመሰረዝ ጣቴ ከበደኝ። ከሟቹ ሥራ እስካሁን የሚንቀሳቀስ ያ መስመር ብቻ ነበር የቀረው። ሰረዝኩት።

ሰባት ሰዓት አለፈ፤ ዲስኩ ዝም አለ። ፕሮግራሙ ተሠራ፣ እሽጉም ተፈታ፤ ውስጡ አንድ ፋይል ብቻ ነበር። ድምፁን ከፍ አድርጌ ከፈትኩት። መጀመሪያ የትንፋሽ ድምፅ መጣ፤ ከዚያ የእሱ፦ "አንቺ! የት ገባሽ? ነይማ፣ ለልጃችን አብረን እናውራለት።"

"አቤት!" አለች እህቴ ከማድቤት። የማይታይ ጠሪን አቤት አይሉም ይላሉ ትልልቆቻችን፤ እሷ ግን ብላ ጨርሳለች። ወዲያው ከማሽኑ ውስጥ የራሷ ድምፅ ከሩቅ "አቤት! መጣሁ" አለ። እህቴ የሰደቃውን ሽንኩርት ስትከትፍበት የነበረውን ቢላ እንደያዘች በሩ ላይ ደርሳ ቆማለች። ቅጂው እዚያው ላይ ተቋረጠ።

"ያን ቀን ስገባ ሳል ጀምሮት ነበር" አለች። "ነገ እንቀዳለን አለኝ።"

ቢላውን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ሆዷን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

"ድገመው" አለችኝ።

ደገምኩት። ሲጠራት እንደገና "አቤት" አለችው።