በአንድ እቅፍ ስንት ፍልጥ

በእኛ መንደር፣ በፍሌክ ወሽመጥ፣ «እንዴት ነህ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ሁሉ መልሱ አንድ ነው፦ «ከደህናም ደህና!» እግሩ የተሰበረም ይህንኑ ይላል፤ ሚስቱን የቀበረም። እኛ የካናዳዋ ደሴት የኒውፋውንድላንድ ጠረፍ ሰዎች ስለ ራሳችን ማማረርን እንደ ነውር ስለምንቆጥር፣ ሐኪም እንኳ እውነቱን ከአፋችን የሚያወጣው በብዙ ድካም ነው።

ድሩሲላ ፒንሰንት በጤና ጣቢያችን ስልክ ላይ ሃያ ሦስት ዓመት ተቀምጣለች። ሥራ በጀመረች በአራተኛው ዓመት የበረዶ ማዕበል መንገዱን ዘጋው። ብቻውን ለሚኖረው አባቷ ደወለችና እንዴት እንደሆነ ጠየቀችው። ዓሣ አጥማጁ ኦባድያ ደረቱን እያመመው «ከደህናም ደህና፣ ልጄ» አላት። መንገዱ ሲከፈት ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ሞቶ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ድሩሲላ ማንንም «እንዴት ነህ?» ብላ አታውቅም። በኦክስጅን የምትኖረውን ትራይፊናን፣ መብራት ሊጠፋ ይችላል ሲባል፣ «ሲሊንደሮቹን ሄደሽ ቁጠሪና ንገሪኝ፤ ስልኩን ይዤ እጠብቃለሁ» ትላታለች።

እኔ በዚህ መንደር ሠላሳ ስምንት ዓመት አስተምሬአለሁ፤ ድሩሲላም ተማሪዬ ነበረች። አሁን ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ አንድ ሰዓት ተኩል በመኪና እየተጓዝኩ በከተማው ሆስፒታል ኩላሊቴን እታጠባለሁ።

ባለፈው የካቲት፣ አንድ ሰኞ፣ ከማግስቱ ጀምሮ ለቀናት የሚቆይ ማዕበል እንደሚመጣ ተነገረ። ሆስፒታሉ መቆየት የሚችለውን ቀጠሮ ሁሉ አዛወረ፤ የማክሰኞ ታጣቢዎች ግን በዚያው ሰኞ ከሰዓት በኋላ እንዲመጡ አዘዘ። የእኔ መኪና ደግሞ በዚያ ጠዋት አልነሣ አለችኝ። ማዕበል በደጅ ሳለ፣ ሁሉም ጣሪያውን በሚያስርበት ቀን፣ ሰው ማስቸገር አልወደድሁም። ድሩሲላ ስትደውል ምን እንደምመልስ አስቀድሜ ወስኜ ነበር።

«መምህር፣ ዛሬ ስምንት ሰዓት ላይ ይጠብቁዎታል።»

«ሐሙስ እሄዳለሁ። እኔ ከደህናም ደህና ነኝ።»

«ይህንን አልጠየቅሁዎትም። ዛሬ ጠዋት ለምድጃው በአንድ እቅፍ ስንት ፍልጥ አስገቡ?»

«የተለመደውን ያህል።»

«ግምት መልስ አይደለም። ይህን እያሉ ስንቴ ከሰሌዳው ፊት አቁመውኛል!»

ዕድሜ ልኬን ልጆችን ስለ ውሸት ስቀጣ የኖርሁ ሰው ነኝ።

«ሁለት» አልኋት።

«ባለፈው ሳምንት ስድስት ነበር። እግርዎስ? ጫማው ገባ?»

«በነጠላ ጫማ ነኝ።»

«መኪናዋስ?»

«አንቺ ልጅ፣ ፖሊስ ነሽ እንዴ?»

«መኪናዋስ፣ መምህር?»

«አልነሣ ብላለች።»

ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ሕዝቅያስ ራይድአውት የበረዶ መጥረጊያ መኪናውን ይዞ ደጄ ላይ ቆመ። እርሱም ተማሪዬ ነበር፤ ሰነፍ ተማሪ።

«ይውጡ እንጂ፣ መምህር! ሰዓት ያሳለፈ ውጭ ይቀራል ይሉን አልነበር?»

«አንተ ያን ጊዜም ውጭ መቅረቱን ወድደኸው ነበር።»

«በደንብ እንጂ! ይኸው እዚያው ውጭ ሥራ አገኘሁ» አለና ክንዴን ደግፎ አወጣኝ።

ሆስፒታል ደርሰን፣ የእጥበቱን መርፌ ከመሰካታቸው በፊት ሲመዝኑኝ በሰውነቴ የተጠራቀመው ውኃ ከአራት ኪሎ በላይ ሆኖ ተገኘ። ነርሷ ሐሙስን እጠብቃለሁ ማለቴን ስትሰማ ራሷን ነቀነቀች። ማታ ሕዝቅያስ መለሰኝ፤ ማዕበሉ ንጋት ላይ ገባ። እስከ ዓርብ ቀትር ድረስ በመንገዳችን አንድም መኪና አላለፈም። እጠብቀዋለሁ ያልሁት የሐሙስ እጥበት አልነበረም። ከቅዳሜ እስከ ዓርብ ሳልታጠብ ብቆይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ዓርብ ጠዋት ስልኩ ጮኸ።

«ስንት ፍልጥ፣ መምህር?»

«አምስት። አንዱ ግን ደፍ ላይ ወደቀብኝ።»

«የወደቀው አይቆጠርም።»

«እንግዲያስ አራት» አልሁ። «ድሩሲላ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«ለሕዝቅያስ ይንገሩት። መንገዱን እየጠረገ ለእጥበት ሊወስድዎ እየመጣ ነው፤ ጫማዎን ያድርጉ።»

ጫማው ገባ።