የእትዬ አስካለ ስኳር

ይህ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ኦሎምፒያ አካባቢ በነበረ አንድ የጤና ጥናት ክፍል የላቦራቶሪ ሠራተኛ ሳለሁ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የእትዬ አስካለን ፊት ግን መርሳት አልቻልኩም።

አለቃችን ዶክተሩ፣ ስኳር ማብዛት በጤነኛ ሰው ደም ውስጥ ያለውን ካልሲየምና ማግኒዚየም ይቀንስ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ። ፈቃደኞቹ የራሳችን ሠራተኞች ነበሩ። ከአቡጀዲ በሰፋሁት ከረጢት ስኳር እየሞላን ሰጠናቸው፤ ቤታቸው ወስደው በየቀኑ በውኃ እየበጠበጡ እንዲጠጡ። ስኳር ከቀበሌ ሱቅ በራሽን፣ እሱም ሲገኝ በሚሸጥበት ዘመን፣ እናትን "ብቻሽን ጠጪው" ማለት ምን የሚሉት ብልጠት እንደሆነ እንጃ!

ከፈቃደኞቹ አንዷ፣ የጽዳት ሠራተኛዋ እትዬ አስካለ፣ አንድ ልጅ ብቻ ነበራቸው፤ ለብሔራዊ ውትድርና ተወስዶ ሰሜን ግንባር ነበር። ደብዳቤው የሚመጣላቸው በመሥሪያ ቤታችን አድራሻ ነው።

የመጨረሻው ደም በሚወሰድበት ጠዋት፣ እሳቸው ገና ሳይገቡ፣ በክራንች የሚሄድ አንድ ወታደር ፈልጓቸው መጣ። የልጃቸው ጓደኛ ነበር።

"ዕቃው ሲደርስ እሱ ተሰውቶ ነበር" ብሎ ከረጢት ሰጠኝና አለቀሰ።

እኔ የሰፋሁት ከረጢት ነው። ስኳሩ እንደታሰረ ነው። ለካ እትዬ አንዲት ማንኪያ አልቀመሱም፤ ለልጃቸው ልከውታል!

መርዶ በሥራ ቦታ አይነገርም። ጎህ ሲቀድ፣ ዘመድና ጎረቤት ተሰብስቦ፣ ቤታቸው ነው። ከረጢቱን ቁም ሳጥን ውስጥ ደብቄ ወታደሩን ዶክተሩ ቢሮ አስገባሁት።

ብዙም ሳይቆይ እትዬ አስካለ እየሳቁ ገብተው እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። መርፌውን አነሳሁ።

"ስኳሩን ጠጡት፣ እትዬ?"

"አንጠፍጥፌ! ደሜም ሳይጣፍጥ አልቀረም። ደግሞ ይጨመርልን ይሆን፣ ልጄ?"

"ይጨመራል" አልኳቸው። ጥጡን ክንዳቸው ላይ ስጫን ቀና ብዬ ላያቸው አልቻልኩም።

በማግስቱ ንጋት ላይ ከዘመዶቻቸው ጋር ቤታቸው ሄድን። ያን ጩኸት አልጽፈውም። ዶክተሩ የእሳቸውን ደም ከጥናቱ አውጥተው፣ የተረፈውን ስኳር በሙሉ ለለቅሶ ቤቱ ሻይ ላኩት።

ሰልስቱ ካለፈ በኋላ እትዬ እጄን ያዙኝ።

"ስኳሩ ደርሶት ነበር?"

ስኳሩን መልሶ ማምጣቱን እንዳይነግራቸው ወታደሩን አስቀድሜ አደራ ብዬው ነበር።

"ደርሶታል። ከጓደኞቹ ጋር ሻይ አፍልተው ጠጥተውበታል" አልኳቸው።

ዓይናቸውን ጨፍነው "ተመስገን" አሉ።

ውሸት አልወድም። የዚያን ቀኑን ግን ለንስሐ አባቴ እንኳ አልተናዘዝኩትም፤ ኃጢአት ነው ብዬ ማመን እስከ ዛሬ አቅቶኛል።