ከጅቡቲ የመጣችው ቀንድ አውጣ

ባሕር አይታ ለማታውቀው እናቴ ብዬ፣ ከጅቡቲ ባሕር ዳርቻ አረም ላይ የለቀምኳትን ጥፍር የምታክል ቀንድ አውጣ በክብሪት ቀፎ ይዤ ወደ ጎባ እየሄድኩ ነበር። ሮቤ መግቢያ ኬላው ላይ አንድ ሽበታም ፈታሽ ሻንጣዬን ዳበሱ።

"ምን ይዘሃል?"

"ቀንድ አውጣ።"

ኒያላን ማደን ስለተከለከለ፣ እዚያ ኬላ ቀንዱን የያዘ ሰው ማደሪያው እስር ቤት ነው። አጠገቤ የነበሩት ሴትዮ "ያ ራቢ!" ብለው ፈንጠር አሉ።

"ቀንድ መያዝህ ሳያንስ፣ ጭራሽ እኔን አባትህን 'አውጣ' ብለህ ታዘኛለህ?"

እኔ ጨዋው ስሕተቴን አረምኩ።

"ይቅርታ ጋሼ፣ ቀንድ አውጡ።"

ይህ ትሕትናዬ ሻንጣዬን አስፋልት ላይ አስዘረገፈው። ከካልሲዎቼ መሃል የክብሪት ቀፎው ተገኘና ከፈቱት።

"ታዲያ ቀንዱ የታለ?"

መንገድ ላይ ሞታለች ያልኳት ቀንድ አውጣ፣ ከእኔ የተሻለ አስተዳደግ ኖሯት፣ ሁለቱንም ቀንዶቿን አወጣችላቸው።