ሁለተኛው ወረቀት

ሊይዙኝ የመጡት ረፋድ ላይ ነው። ቢሮዬ ተቀምጬ የወር ሪፖርት እያዘጋጀሁ ነበር። ሁለት ፖሊሶች ናቸው፤ አንደኛውን በደንብ አውቀዋለሁ። ሐይቁ ላይ ሕገ ወጥ መረብ ፍለጋ ስንወጣ ብዙ ጊዜ በአንድ ጀልባ ተሳፍረናል። ውኃ ስለሚፈራ ሁልጊዜ መሐል ላይ ነበር የሚቀመጠው። በሩ ላይ ቆሞ ኮፍያውን አወለቀና «እኅቴ፣ ለጥያቄ ትፈለጊያለሽ» አለኝ። ፊቴን አላየም። ቦርሳዬን ልያዝ ወይ ስለው «ያዢ፤ ስልኩን ግን ለእኔ ስጪኝ» አለ። ያኔ ጥያቄው አጭር እንደማይሆን ገባኝ።

ምክንያቱን አላጣሁትም። የዓሣ ሀብት ባለሙያ ነኝ። የዚያን ጊዜ ሥራዬ ዓይናቸው የጠበበ መረቦችን፣ ገና ያልደረሰውን ዓሣ ሳይቀር ጠራርገው የሚያወጡትን፣ ከአጥማጆች ላይ እየያዙ የባለቤቱን ስም መመዝገብ ነበር። የተያዘው መረብ መጋዘን ይገባል፣ ከዚያ በሕጉ መሠረት ይቃጠላል። ይቃጠላል ነው የሚባለው። ከመታሰሬ ሁለት ቀን ቀደም ብሎ በአንድ አዳራሽ ስብሰባ ተጠርተን ነበር። ሊያልቅ ሲል ከመድረክ «ሌላ አስተያየት ያለው?» ተባለ። እንደዚያ የሚባለው ማንም እንዳይናገር እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እኔ ግን ደክሞኝ ነበር። በዚያው ሳምንት አንድ መረብ ለሦስተኛ ጊዜ ይዤ ነበር። መጀመሪያ የያዝኩት ጊዜ ጠርዙ ላይ ቀይ ክር አስሬበት ስለነበር አልሳትኩትም። እጄን አወጣሁና «መጋዘን ያስገባነው መረብ ተመልሶ ሐይቅ እየገባ ነው። በሩን የሚከፍትለት ሰው እዚሁ መካከላችን አለ» አልኩ። ከኋላ አንድ ሰው አጨበጨበ፤ ብቻውን መሆኑን ሲያይ አቆመ።

ጣቢያ ስደርስ መዝገቡ ላይ «ሕዝብን በመንግሥት ላይ ማነሳሳት» ብለው ጻፉ። ስለ መረብ አንድም ቃል የለም።

የሴቶቹ ክፍል ቀድሞ ዕቃ ቤት የነበረ ነው። ወለሉ ሲሚንቶ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፤ አንዲት መስኮት ከቁመት በላይ ሆና በሽቦ ታጥራለች። አርባ ምንጭ ቆላ ነው። ከቀትር በኋላ ቆርቆሮው ሲግል ሰው ከመናገር ይቆጠባል። ጥጉ ላይ ባልዲ አለ፣ ክዳኑ ካርቶን ነው። ደኅና አየር የሚገባው በበሩ ሥር ባለው ክፍተት ስለሆነ ከዚያ አጠገብ ያለው ቦታ የክፍሉ ምርጥ ቦታ ነው። እዚያ አንዲት ሴት ተቀምጣ ነበር፤ ከእኔ በዕድሜ ታንሳለች፣ እጆቿ በዓሣ እሾህ የተቧጨሩ ናቸው። ሌሎቹ ሁለት እስረኞች ግድግዳ ተደግፈው ያንቀላፋሉ። የት እንደምቀመጥ ጠፍቶኝ ስቆም ሴትየዋ ነጠላዋን ሰበሰበችና ተነሣች።

«እትዬ፣ ወደዚህ ነይ። ያንን ቦታ አትችይውም።»

«አንቺስ?»

«እኔ ለመድኩ።»

በምሳ ሰዓትም ለእኔ ገና ምግብ እንዳልመጣ አይታ ከኩርኩፋዋ አካፈለችኝ። ከበቆሎ ዱቄትና ከሽፈራው ቅጠል የተድቦለቦለ፣ ቀዝቅዞ የጠነከረ ነበር። የቃሪያ ዳጣ እንኳ አልነበረውም። አፌ ላይ ጣፈጠኝ። ለምን እንደታሰረች ጠየቅኋት። «ባሌን እየጠበቅሁ ነው» አለች። ሌላ አልጨመረችም፤ እኔም አልገፋሁም።

እውነቱን የነገረችኝ በማግሥቱ ጠዋት ነው። አማርኛዋ እንደ ብዙዎቻችን ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ወንዱን እንደ ሴት፣ ሴቷን እንደ ወንድ ትጠራለች።

«ባሌን ታውቂያታለሽ» አለችኝ። «አንቺ ነሽ የጻፍሻት።»

ቀና ብዬ አየኋት። ቁጣ አልነበረባትም። ከምዕራብ ዓባያ በኩል ነው የመጡት፤ ባልየው በሰው ጀልባ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር፣ በኋላ የራሱን መረብ ገዛ። ጠባብ ዓይን የሆነውን ገዛ፤ ገበያ ላይ የነበረው እሱ ብቻ ነው። እኔ ይዤው ስሙን መዘገብኩ። ወረቀቱ ወደ ፖሊስ ሄደ። ፖሊሶቹ ቤቱ ሲደርሱ እሱ ወደ ሐይቁ ማዶ ተሻግሯል። ዓሣ እየበለተች ያገኟት እሷን ነው። «እሱ ሲመጣ ትወጫለሽ» ብለው አመጧት። አሥራ ዘጠኝ ቀኗ ነበር። ፍርድ ቤት አልቀረበችም፤ ቃሏን የተቀበለም የለም።

«ያን ቀን አራት ሰው ጻፍሽ» አለች፤ አሁን በጋሞኛችን ነበር የምትናገረው። እኔ የገረሴ አገር ልጅ መሆኔን ከአነጋገሬ ለይታ ነበር። «ሦስቱ ዛሬም ሐይቅ ላይ ናቸው። አንዱማ ሦስት ጀልባ አለው። ገና ሳልያዝ፣ በሳምንቱ መረቡ ተመልሶለት አየሁት።»

«የእናንተስ ለምን አልተመለሰም?»

«ለማን ምን እንደሚሰጥ አናውቅም ነበር። አዲሶች ነን።»

ያን ቀን የሞላሁት ቅጽ ትዝ አለኝ። ጽሕፈትሽ ያምራል ይሉኛል። አራቱንም ስሞች በእኩል ጥንቃቄ፣ አባትና አያት ሳልዘልል ጽፌያቸው ነበር። እኔ የሠራሁት ሕግ ማስከበር ነበር። ሕጉ ከእጄ ወጥቶ የት እንደሚሄድ ግን ተከትዬው አላውቅም። ይቅርታ ልላት ፈለግሁ፤ ለየትኛው እንደሆነ መለየት አቃተኝ።

ብዙም ሳይቆይ መርማሪው አስጠራኝ። የሚጮህ ሰው አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ቻርጅ ላይ ነበር፤ ዓይኖቹ የደከመ ሰው ዓይኖች ናቸው። ወንበር ሰጠኝ።

«እኅቴ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ይህ ነገር ሳይገፋ ቢያልቅ ለሁላችንም ይሻላል።»

«እንዴት ነው የሚያልቀው?»

«ሁለት መስመር ነው። በስሜት ተናግሬያለሁ፣ ማስረጃ የለኝም፣ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ከሰዓት በኋላ ቤትሽ ነሽ።» ከዚያ ሁለት ወረቀትና አንድ እስክሪብቶ አቀበለኝ። «አንዱ ቢበላሽብሽ» አለ። «ከምሳ በኋላ እወስደዋለሁ። ረጋ ብለሽ ጻፊ።»

አልጽፍም አላልኩትም። ይህን መደበቅ አልፈልግም። እናቴ አልጋ ላይ ከዋለች ቆይታለች፤ የማገላብጣትና ገላዋን የማጥባት እኔ ነኝ። ቤት ያለው ወንድሜ ነው፣ እሷም በወንድ ልጇ ፊት መገለጥ ታፍራለች። ከተያዝኩ ጀምሮ ሳትታጠብ እንደቆየች አውቃለሁ። ክፍሉ ተመልሼ በበሩ ሥር በሚገባው ብርሃን ላይ ወረቀቱን ቦርሳዬ ላይ ዘረጋሁ። ስሜን ጻፍኩ። «በስብሰባው ላይ በስሜት ተነሳስቼ» ድረስ ደረስኩ።

«ምንድን ነው የምትጽፊው?» አለችኝ ሴትየዋ።

«ለመውጣት ነው።»

«ስለ መረቡ?»

«አዎ።»

«ዋሸሁ ልትዪ ነው?»

የጻፍኩትን መስመር በእጄ ሸፈንኩት።

«እንግዲህ አንቺ ከዋሸሽ፣» አለች፣ «እኔ ለምንድን ነው እዚህ ያለሁት?»

ልትወቅሰኝ ብላ አይመስለኝም። በእርግጥ ግራ ገብቷት ነበር። የታሰረችበት ነገር የሚቆምበት መሠረት እንዲኖረው ፈልጋለች፤ መረቡ ሕገ ወጥ ከነበረ፣ ባሏም ጥፋተኛ ከሆነ፣ ቢያንስ የሆነው ነገር ምክንያት አለው። የጀመርኩትን ዓረፍተ ነገር ሰረዝኩና ከሥሩ እውነቱን ጻፍኩ። አንድ መረብ ሦስት ጊዜ መያዜን፣ በምን እንደለየሁት፣ የመጋዘኑ ቁልፍ በማን እጅ እንዳለ። ፈረምኩበት። እናቴን እያሰብኩ ነው የፈረምኩት።

ከዚያ ሁለተኛውን ወረቀት አወጣሁ።

«ስምሽን ንገሪኝ።»

«የእሱ ሚስት ብለሽ ጻፊ። መዝገቡም ላይ እንደዚያ ነው።»

«የራስሽን ነው የጠየቅሁሽ። ከነአባትሽ፣ ከነአያትሽ።»

ዝግ ብላ ነገረችኝ። የአያቷን ስም ለማስታወስ ትንሽ ወሰደባት። እዚህ አልጽፈውም፣ ፈቃዷን አልጠየቅሁም። ጠበቃ አይደለሁም፤ በየሥልጠናው ስንሰማ የኖርነውን ነው የጻፍኩት። የተያዘ ሰው በአርባ ስምንት ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ እንዳለበት፣ አንዱ ሰው በሌላው ጥፋት እንደማይታሰር፣ እሷ ግን በባሏ ምትክ ያለ ክስ ሃያኛ ቀኗን እንደያዘች። ፊደል ስለማትቆጥር አውራ ጣቷን በእስክሪብቶው ቀለም አጥቁረን ከግርጌው አስቀመጥነው። አሻራው ላይ የዓሣ እሾህ ያስቀረው ጠባሳ እንኳ ወጣ።

ወንድሜ ምሳ ይዞልኝ የመጣው ያን ጊዜ ነው። ባዶ ሳህን ሲመለስ የምትፈትሸው አንዲት ሴት ፖሊስ ነበረች። ወረቀቱን አጥፌ ከሳህኑ ሥር ያለው ጨርቅ ውስጥ አስገባሁት። ክዳኑን ከፈተች፣ ጨርቁን ገለጠች፣ ወረቀቱን አየችው። ሳታወጣው የላይኛውን መስመር አነበበች። ከዚያ ወደ ውስጥ፣ ወደ ሴትየዋ ተመለከተች። ጨርቁን መለሰችና ሳህኑን ለወንድሜ ሰጠችው።

«ቶሎ ሂድ፣» አለችው፣ «ሰዓት አልቋል።»

መርማሪው ከምሳ በኋላ መጣ። የእኔን ወረቀት ቆሞ አነበበው፤ ሁለት ጊዜ ያነበበው ይመስለኛል።

«ይሄ የተነጋገርነው አይደለም።»

«አይደለም።»

«ሁለተኛው ወረቀትስ?»

«ተበላሸ» አልኩት።

እጄን አየ፤ ጣቶቼ ቀለም ነበራቸው። «እንግዲህ ራስሽ ታውቂያለሽ» ብሎ ወጣ።

ወንድሜ ወረቀቱን ፍርድ ቤት አድርሶት ኖሮ በአራተኛው ቀን ሴትየዋን ለችሎት ጠሯት። ከቀትር በፊት ተመለሰች፣ ነጠላዋን ልትወስድ ነበር የተመለሰችው። ዳኛዋ ፖሊሶቹን ወንጀሏ ምንድን ነው ብላ ጠየቀች አሉ። የሚመልስ ጠፋ፤ እዚያው ችሎት ላይ ለቀቋት። በሩ ላይ ቆማ ታመሰግነኛለች ብዬ ስጠብቅ አላመሰገነችኝም። እንድታመሰግነኝም አይገባም ነበር።

«ስሜን ጮክ ብለው ጠሩት» አለችኝ። «ሙሉውን። እኔ መሆኔ እስኪገባኝ ድረስ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር።»

ለእኔ ለምርመራ ተብሎ ሦስት ሳምንት ተጨመረልኝ። እናቴን በዚያ ጊዜ ያጠበቻት ጎረቤት ናት፤ ከቤተ ክርስቲያን አብራን የምትዘምር። በዋስ ወጣሁ። መዝገቤ አልተዘጋም፣ ክስም አልተመሠረተብኝም፤ እስከ ዛሬ አንድ መደርደሪያ ላይ አለ። በወሩ የዝውውር ደብዳቤ ደረሰኝ። ከሐይቁ ርቆ ደጋ ላይ ወዳለ ወረዳ፣ ዓሣ ወደሌለበት። እናቴን ብርድ እንዳይመታት ጠቅልለን ይዘናት ወጣን። ሌላ አንድ ዓመት ኖረች።

ባልየው ተመልሶ ሐይቅ መግባቱን ሰምቻለሁ። በምን መረብ እንደሆነ አልጠየቅሁም። ሰዎች ዳግም ቢሆን እጅሽን ታወጫለሽ ወይ ይሉኛል። አንዳንድ ቀን አዎ እላለሁ። አብዛኛውን ቀን ደክሞኝ ነው የምውለው፤ ሰው ይህን ሲሰማ ቅር ይለዋል፣ እኔ ግን ሌላ የምለው የለኝም።

ባለፈው ወር አንድ አዛውንት ቢሮዬ መጡ። የፖም ችግኝ ለመውሰድ ፊርማ ያስፈልጋቸዋል። ቅጹን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡ፣ አጠገቡ በእንሰት ቅጠል የተጠቀለለ ቅቤ አስቀመጡ። ቅቤውን ወደሳቸው መልሼ ገፋሁት። ፊታቸው ተለወጠ፤ እምቢ ያልኳቸው መስሏቸው ነው።

«ያንሳል እንዴ ልጄ?»

«አያንስም አባቴ። አያስፈልግም።»

ፈረምኩ፣ ማኅተም መታሁበት፣ ሰጠኋቸው። ወረቀቱን ይዘው አልተንቀሳቀሱም።

«ነገ ልምጣ?»

«ጨርሰናል። ቅቤውንም ይዘው ይሂዱ።»

«ሌላ የሚቀር የለም?»

«የለም።»

ወጡ። በመስኮቱ ስመለከት ግቢው በር ላይ ቆመው ወረቀቱን ለዘበኛው ያሳያሉ። ዘበኛው አነበበላቸውና መለሰላቸው። አዛውንቱ ትንሽ አሰቡ፤ እንደገና እንዲያነብላቸው ዘረጉለት።